ገለባ የተነጠፈበት መንገድ

«የታላቁ ቤት እመቤት የዘንድሮን ገና አያዩም» አለች ሄፕዚባ ክራውች፣ የእንቁላል ቅርጫቷን ባንኮኒው ላይ እያሳረፈች።

ባለፈው ማክሰኞ ይህንኑ ብላለች። ዓርብም ብላዋለች። ሄፕዚባ በሳምንት ሁለት ቀን ለታላቁ ቤት ማድቤት እንቁላል ታደርሳለች፤ ከዚያ ስትወጣ ከዳቦ ጋጋሪው እስከ ቀጥቃጩ ድረስ እንቁላሉን በገንዘብ፣ ወሬውን በነጻ ታድላለች። የመጀመሪያው ማክሰኞ ወሬው ራቁቱን ነበር። ዓርብ ሐኪም ጨመረችበት። ዛሬ ደግሞ ሾርባ ይዛ መጥታለች።

«ሾርባው ሳይነካ ተመለሰ፣ በእነዚህ ዐይኖቼ! የበግ ሾርባ፣ ስቡ ከላይ ረግቶ። የበግ ሾርባ የሚመልስ ማን ነው? ሊሞት የተነሣ ሰው ነው።»

«ወይም የጠገበ» አለች ዶርካስ፣ ከምትሰፋው ባርኔጣ ቀና ሳትል።

«አንቺ ደግሞ ምላስሽ! ሰማንያ አንድ ዓመታቸው እኮ ነው። አክስትሽ ብትኖር እንዲህ አትመልሽልኝም ነበር።»

«አክስቴ ብትኖር እንቁላል ከሌላ ሰው ነበር የምትገዛው።»

ሄፕዚባ ከት ብላ ሳቀች። በስድብ አትቀየምም፤ የምትቀየመው ያወራችው ሳይሰማላት ሲቀር ነው። ስድስት እንቁላል ቆጥራ አስቀመጠችና ወሬዋን ይዛ ወደ ቀጥቃጩ ዘለቀች።

ዶርካስ ፔንፎልድ ግን መርፌዋን አቆመች።

ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሱቁን ካሳደገቻት አክስቷ ከሎዊዛ ከወረሰች ሁለት ዓመት ሆናት፤ ሪባን፣ ዳንቴል፣ ጓንት፣ ቁልፍ፣ የባርኔጣ አበባ የሚሸጥበት፣ ሁለት ወፍራም ሴቶች ከገቡ ሦስተኛዋ ውጭ የምትጠብቅበት ሱቅ። ማንበብ ያስተማራት የለም፤ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ራሷ ለቅማ ነው የተማረችው። ስለዚህ የዓለምን ወሬ ሁሉ ታውቃለች፣ የአንዱንም መጨረሻ ግን አታውቅም፤ ጋዜጣው ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቀደድ ነበርና።

አሁን ያሳሰባት የራሷ ወሬ መጨረሻ ነው። የሱቁ ውል ገና ላይ ያበቃል። አከራይዋ ዳቦ ጋጋሪው ሚስተር ቶለር ሰው አይጎዳም፣ ግን ሰው የሚጫነው ሰው ነው፤ ይህን ሰሞን የሚጫነው ደግሞ ስፕራግ ነው። ስፕራግ ከመንገዱ ማዶ ሁለት መስኮት ያለው የጨርቅ ሱቅ አለው፣ ሦስተኛ መስኮት ያምረዋል። ዶርካስ ሱቁ ከእጇ እንዳይወጣ የምታሳየው ነገር ያስፈልጋታል፤ ንግዷ ደግሞ እንደ ኅዳር ፀሐይ ነበር፣ ብቅ ብሎ የሚገባ።

እመቤት አቬሪል ከሞቱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከግማሽ በላይ የሄዘርፎርድ ሰው የእሳቸው ጭሰኛ ወይም ተከራይ ነው፤ ያልሆነውም አለመሆኑ እንዳይታወቅበት ከል ይለብሳል። ለከሉም እንዲያው ጥቁር ጨርቅ አይበቃም። ክሬፕ ነው የሚያስፈልገው፤ ፊቱ የተጨማደደ፣ ብርሃን ውጦ የማይመልስ ሐር። ከሩቅ ከተማ ነው የሚመጣው፣ አዝዘው እስኪደርስ ቀብሩ ያልፋል። አስቀድሞ እንዳይከማች ደግሞ፣ ሐዘን በሌለበት ቤት ክሬፕ ከተቀመጠ ሞት ይጠራል ይባላል። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት የእመቤቲቱ ባል ሲሞቱ አክስት ሎዊዛ አንድ ክንድ ጥቁር አልነበራትም። ስፕራግ ግን ሰውየው ገና ሲያጣጥሩ ፈረሰኛ ልኮ ነበር። የዚያች ሳምንት ደንበኛ ማዶ እንደተሻገረ ቀረ፤ አክስቷም እስክትሞት ድረስ በዚህ መስኮት ሆና የስፕራግን በር ስትመለከት ኖረች።

ሐሙስ ጠዋት ገለባው ተነጠፈ።

አቅም ያለው ቤት በጠና የታመመ ሰው ሲኖርበት፣ የጋሪ መንኮራኩር ድንጋዩ ላይ እየተንጓጓ በሽተኛውን እንዳያውክ ከደጁ ፊት ገለባ ያስነጥፋል። የታላቁ ቤት ገለባ ግን የደጅ ገለባ አልነበረም። ሁለት ሠረገላ ሙሉ መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር እስከ ገበያው የውሃ ጉድጓድ ድረስ፣ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ሆኖ መላውን መንገድ ሸፈነው። የታላቁ ቤት በር ማንኳኪያም ነጭ ጓንት ተጠለቀለት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሄዘርፎርድ በእንቅልፍ ልቧ የምትገበያይ ከተማ ሆነች። ጋሪዎች ድምፅ ሳያሰሙ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ ፈረስ ሲያልፍ የሚሰማው ትንፋሹ ብቻ ነው። ዳቦ አዟሪው ደወሉን በካልሲ አፍኖ እየነቀነቀ ያልፋል፣ ሰዎች መምጣቱን በዳቦው ሽታ ያውቃሉ። ዓሣ ሻጯ፣ ድምፅዋ ሦስት መንደር የሚያቋርጠው፣ ዓሣዋን በሹክሹክታ ትጠራለች፤ ገዢውም እንደ ምስጢር ተቀብሏት ከካባው ሥር ይከታታል። ቀጥቃጩ ብረቱን እንደሚያባብል ሰው ይመታል። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች በአንድ ጥቅል ጎመን ተጣልተው ዶርካስ በመስኮቷ አየቻቸው። እጃቸው ይወራጫል፣ ፊታቸው ቀልቷል፣ ቃል ግን አይሰማም። በውሃ ውስጥ የሚጣሉ ይመስሉ ነበር። ጎመኑ እንኳ ከእጃቸው ወድቆ ገለባው ላይ ሲያርፍ ድምፅ አልነበረውም።

ሚስተር ቶለር ክንዱ ድረስ ዱቄት ሆኖ ወደ ሱቋ መጣ። «ገለባውን አየሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«ረግጬው ነው የምውለው፣ ሚስተር ቶለር።»

«ስፕራግ መልሴን ይፈልጋል። እኔ ግን...» ወደ ታላቁ ቤት አገጩን ጣል አደረገ። «አንቺ ከተዘጋጀሽበት፣ እስከ ፋሲካ እታገሥሻለሁ። በሕይወት ያለ ሰው ላይ እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ አልተባባልንም።»

«ምንም አልሰማሁም» አለች ዶርካስ።

በሳምንቱ ፌን የሚባለው ተጓዥ የጨርቅ ነጋዴ መጣ። ዶርካስ በሩን ዘጋችና፣ ከአክስቷ የወረሰችውን ቀለም ሁሉ ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት፤ የቼሪ ቀይ፣ የእንቁላል አስኳል ቢጫ፣ የርግብ አንገት የሚመስለው ሰማያዊ፣ የሐር አበባዎቹ፣ ከዳንቴሉም ምርጥ ምርጡ። ገና ሲደርስ ከተማው የሚሻማበት ዕቃ ነው።

«ይህን ሁሉ ወስደው በክሬፕ ይለውጡልኝ።»

ፌን ራሱን አከከ። «ማን ሞተብሽ?»

«ማንም።»

«ገለባውን አይቼዋለሁ» አለ ፌን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ልንገርሽ ልጄ፤ በአንድ ከተማ ሦስት ዓመት የተነጠፈ ገለባ አውቃለሁ። በሽተኛው ሐኪሙን ቀበረ።»

«ይለውጡልኛል ወይስ ስለ ሌላ ከተማ እየነገሩኝ ይመሻል?»

ለወጠላት። አሥራ አንድ ጣቃ ክሬፕ በቡናማ ወረቀት እንደተጠቀለለ መደርደሪያው ላይ ተደረደረ። መስኮቷ ላይ ነጭ ክር፣ መርፌና አንድ የገለባ ባርኔጣ ብቻ ቀሩ። ሱቁ ዐይኑን የጨፈነ ፊት መሰለ።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ መጠበቅ ሆነ። ሰው ሲሞት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለሴት ስድስት ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ ዕድሜዋን ይቆጥራል። ዶርካስ ስድስት መስማት ለመደች። የውሃው ባልዲ ጠብ ጠብ ሲል ስድስት ትሰማለች፤ ቄሱ እሑድ ስለ እመቤት አቬሪል ጤና ሲጸልዩ «አሜን» ትላለች፣ አፏ ውስጥ ያለው ግን አሥራ አንድ ጣቃ ነው። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ቡናማዎቹን ጣቃዎች ስታይ ተራ ይዘው የተቀመጡ ለቀስተኞች ይመስሏታል፤ ታጋሾች፣ አንገታቸውን የደፉ፣ እሷን ደግሞ «ምን ዘገየ?» የሚሉ። ያን ጊዜ በራሷ ታፍራለች። ቀጥላ ደግሞ የስፕራግን በር ታይና ማፈሯን ትተዋለች።

በኅዳር ማለቂያ ገደማ ነው። ጉሙ መስኮቱን ነጭ መጋረጃ አልብሶታል። ዶርካስ አልተኛችም፣ ነቅታለች ማለትም ግን ይከብዳል። የእግር ኮቴ አልሰማችም። በሩ ተከፈተ።

እመቤት አቬሪል ነበሩ።

ብቻቸውን። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ጉንጫቸው እንደ ልጃገረድ ቀልቶ፣ ጉም ከኋላቸው እንደ ካባ ተጎትቶ። ዶርካስ መርፌዋን እንደያዘች አፈጠጠችባቸው።

«ምን ታፈጫለሽ? ወንበር የለሽም?» አሉ።

ወንበሯን ሰጠቻቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ከከፍታ ላይ የተለቀቀ ሐር እየተንሳፈፈ እንደሚወርድ። ከዚያም ረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ትልልቅ ሰዎች ሰው ማስጠበቅ ይወዳሉ ስትል ዶርካስ በልቧ ተናደደች፤ ንዴቷም ከድንጋጤዋ አዳናት።

«ሪባን እፈልጋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የቼሪ ቀይ። ለአንስቴ ቆብ ነው። ደንገጡሬን ታውቂያታለሽ?»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«አምስት ሳምንት ታማብኝ ነበር። ገለባውን ያስነጠፍኩት ለእሷ ነው። አሁን ተሽሏታል፤ ነገ ይጠረጋል። ለደንገጡር ገለባ ሲነጠፍ አላየንም የሚል ይኖር ይሆናል። ይበል። አርባ ዓመት ጸጉሬን ያበጠረች ሴት ናት።»

ዶርካስ ወደ መደርደሪያዋ ዞረች። በሱቋ ውስጥ አንዲት ጣት የምታህል ቀይ ነገር አልነበረም።

የእመቤቲቱ ዐይን በመደርደሪያው ላይ ዞረ። ከዘራቸውን አነሡ። «ያ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ ነው፣ እመቤቴ።»

«የጨርቅ ሱቅ መሆኑን ውጭ ተጽፎ አንብቤያለሁ። ፍቺልኝ።»

ዶርካስ አንዱን ጣቃ አውርዳ ወረቀቱን ገለጠችው። ጥቁሩ ወጣ፤ ሱቁ ውስጥ የነበረው ትንሽ ብርሃን ወደ እሱ ሄዶ የቀረ መሰለ።

«ሁሉም ይሄው ነው?»

«ሁሉም።»

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ማን ሊሞት ነው?»

መዋሸት ትችል ነበር። ውሸት አጥታ አልነበረም፤ ሦስት አራት ተዘጋጅቶ አፏ ላይ ነበር። ግን ለስፕራግ ብትዋሽ ኖሮ ምላሷ አይያዝም ነበር፣ ለእሳቸው መዋሸት ራሷን ያሳነሳት መሰላት።

«እርስዎ፣ እመቤቴ» አለች።

ውጭ አንድ ጋሪ ያለ ድምፅ አለፈ፤ ጥላው ግድግዳው ላይ ሄደ።

«አምጪው» አሉ።

ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘረጋችላቸው። በሁለት ጣታቸው መሐል አሹት፣ ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት፣ እንደ ማንኛዋም ገበያተኛ ጠርዙን ጎተት ጎተት አደረጉት።

«ቀለሙን ይለቃል? የባሌ ቀብር ዕለት ዝናብ ዘንቦ የሁላችንም አንገት ጥላሸት ሆኖ ነበር። ቄሱ ራሳቸው የከሰል ነጋዴ መስለው ነው የቀበሩት።»

«አይለቅም። በውሃ ሞክሬዋለሁ።»

«ሞክረሽዋል!» ሣቁ፤ ሣቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው፣ እጃቸውን ባንኮኒው ላይ አሳረፉ። «ስንት ጣቃ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ለመላው ሄዘርፎርድ አሥራ አንድ? ንቀሽኛል ማለት ነው።»

«የነበረኝን ቀለም ሁሉ ሰጥቼ ያገኘሁት ይህን ነው፣ እመቤቴ። ተጨማሪ ቢኖረኝ ተጨማሪ እገዛልዎት ነበር።»

አሮጊቷ አተኩረው ተመለከቷት። በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ ፈልጋ አጣች፤ ያገኘችው ሌላ ነገር ነበር፣ አንድ ዓይነት ደስታ፣ ሰው ለብዙ ጊዜ ብቻውን ሲጫወት ቆይቶ አጫዋች ሲያገኝ የሚታይበት።

«ሪባኔን» አሉ።

«ከጓዳ ላምጣው።»

«እጠብቃለሁ።»

ዶርካስ በጓዳው በር ወጣች፣ የዳቦ ጋጋሪውን ግቢ ዞረች፣ ገለባውን እየረገጠች መንገዱን ተሻገረች። አክስቷ በአሥራ አምስት ዓመት፣ እሷም በዕድሜዋ ሙሉ ያልረገጠችውን የስፕራግን ደጃፍ ረገጠች። የቼሪው ሪባን መስኮቱ ላይ ነበር። ፌን ከእሷ በር ወጥቶ በቀጥታ ወደ ማን በር እንደገባ ያን ጊዜ ተገለጠላት።

«ሚስ ፔንፎልድ!» አለ ስፕራግ፤ ሁልጊዜ ሚንት ከረሜላ ስለሚመጥ ንግግሩ ቀዝቃዛ ሽታ አለው። «መንገድ ጠፍቶብዎት ነው?»

«ሁለት ያርድ። ከዚያ ቀይ ሪባን።»

«ከዚህ?» ጥቅሉን አነሣው፤ ጫፉ ላይ የአክስት ሎዊዛ የእርሳስ ምልክት አለ። በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ይህ ሪባን ጌታውን የሚያውቅ ይመስላል፣ ሲያይዎት ተንቀሳቀሰ።»

«ወሬው ከሪባኑ ጋር ነው የሚሸጠው ወይስ ለብቻው?»

«ለእርስዎ ሁለቱም ስጦታ ናቸው። የሚቀጥለው ዓመት ከባንኮኒው ወዲህ ሆነው እንደሚለኩልኝ ተስፋ አለኝ። ጥሩ እጅ አለዎት።»

ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ ጣለችው፤ ሳንቲሙ እየተንከባለለ መሬት ወርዶ ስፕራግ ጎንበስ ብሎ ሲፈልገው ወጣች።

ስትመለስ እመቤት አቬሪል ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር። ክሬፑ ጭናቸው ላይ እንደተዘረጋ ነው። ጎንበስ ብላ ትንፋሻቸውን አዳመጠች።

«ጓዳሽ ሩቅ ነው» አሉ ዐይናቸውን ሳይገልጡ። «ጓዳ ገብቶ ጫፉ ላይ ገለባ ይዞ የወጣ ቀሚስ አላየሁም።»

ዶርካስ የቀሚሷን ጫፍ አራገፈች። ሪባኑን ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

«እስከ በሩ ክንድሽን።»

ክንዷን ሰጠቻቸው። የተደገፋት ክብደት አንድ ጣቃ ዳንቴል አይሞላም ነበር። በሩ ላይ ለቀቋት፤ ወገባቸውን አቀኑ፣ ከዘራቸውን እንኳ መሬት ሳያስነኩ፣ በመንገዱ መሐል ለመሐል ሽቅብ ወጡ። ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ ወጣ። ዓሣ ሻጯ አፏን ከፈተች። ሄፕዚባ ቅርጫቷን አቅፋ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። አሮጊቷ ግራና ቀኝ ሰላምታ እየሰጡ ሄደው ጉሙ ውስጥ ገቡ፣ መጀመሪያ አረንጓዴው ጠፋ፣ ከዚያ የቆባቸው ነጭ።

በማግስቱ ገለባው ተጠረገ።

ድምፅ ወደ ሄዘርፎርድ እንደ ጎርፍ ገባ። መንኮራኩሮች ተንጓጉ፣ የዳቦው ደወል ካልሲውን አወለቀ፣ ዓሣ ሻጯ አምስት ሳምንት ያጠራቀመችውን ጩኸት በአንድ ጠዋት ለቀቀችው። ሰው ሁሉ ከሕልም እንደነቃ ዐይኑን እያሸ ይሣሣቃል። ሄፕዚባ ዓርብ መጥታ ቅርጫቷን አሳረፈች።

«እኔ ምን አልኩ? አንስቴ ናት አላልኩም?»

«አላሉም፣ ሚስስ ክራውች።»

«በልቤ ብያለሁ። እሷ ናት፤ ተሽሏታል ግን ደካማ ናት፣ ወደ ማድቤት ብቅ ስትል አላየኋትም። እመቤቲቱማ መቶ ይደፍናሉ!»

ከዚያ ወዲያ የምታወራው ይህን ብቻ ሆነ፣ መቶ ይደፍናሉ። ታኅሣሥ ገባ። ሴቶች በደስታ ቀለም ፈለጉ፤ በዶርካስ በር ብቅ እያሉ ቡናማውን ወረቀት አይተው ማዶ ተሻገሩ። በእሷ ቢጫ፣ በእሷ ሰማያዊ፣ በእሷ ቀይ አጊጠው በመስኮቷ ሥር አለፉ። የገዛ መደርደሪያዋ እየተራመደ ሲያልፍ የምታይ መሰላት።

ሚስተር ቶለር መጣ። «ሰማንያ አንድ ያው ሰማንያ አንድ ነው» አላት ጣሪያውን እያየ። «እስከ ፋሲካ ያልኩሽን አላጠፍኩም። ስፕራግን ጥርሱን ያፋጭ እለዋለሁ። ክሬፕ አይሻግት።»

ዶርካስ ወደ መስኮቱ ዞረች። እስከ ፋሲካ ስድስት ስትቆጥር ታያት። የባልዲው ጠብታ፣ የእሑዱ አሜን። አሁን ግን በዚያ ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚጠብቃት ስም የሌለው እመቤት አልነበረም፤ ጨርቁን በሁለት ጣት አሽቶ «ንቀሽኛል» ያለ ሰው ነው።

«እኝያ ሴትዮ ከእኔ ጋር ሥቀዋል፣ ሚስተር ቶለር። ከዚያ በኋላ በራቸው ላይ ጆሮዬን ልደቅን አልችልም። ደግሞም አይተዋቸዋል፤ እኔንም እርስዎንም ይቀብራሉ። ለስፕራግ ይስጡት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ባልሆንም አልጠብቅም።»

ገና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ቁልፉን አስረከበች። ሌላ ገዢ ስላልነበረ ስፕራግ አሥራ አንዱን ጣቃ ከሱቁ ዕቃ ጋር በነጻ ወሰደ፤ ሞት ይጠራል ብሎ ቤቱ አላስገባውም፣ ከፈረሱ ጋጣ በላይ ባለው ሰገነት አስቀመጠው። በር ላይ የነበረው የፔንፎልድ ስም በአረንጓዴ ቀለም ተሸፈነ። እሷንም ቀጥሮ ከባንኮኒው ኋላ አቆማት።

«ያንን ጣቃ አውርጂ» አላት የመጀመሪያው ጠዋት። አንቺ። እስከ ትናንት ሚስ ፔንፎልድ፣ እርስዎ፣ ነበረች። ጣቃውን አወረደች።

በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደወሉ ስድስት መታ። ዶርካስ ቁልፍ እየለየች ነበር፤ እጇ ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ዕድሜው ጀመረ። ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ። ስፕራግ ከረሜላውን መምጠጥ አቆመ። ሰማንያ። ሰማንያ አንድ።

ቆመ።

ስፕራግ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ፤ የደፋው ግን ለአጭር ጊዜ ነው። «ከጋጣው አስወርጂው» አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ ዶርካስ ክሬፕ ለካች። ትንሽ የፈረስ ሽታ ነበረው፣ ማንም አላማረረም። ሄፕዚባ ለቆቧ ግማሽ ያርድ ገዛች፤ «እኔ ከጥቅምት ጀምሮ ብያለሁ» አለች፤ የሚከራከራት አልነበረም። ሚስተር ቶለር ለክንዱ ገዝቶ ዐይኗን ሳያይ ወጣ። ሰው ከበሩ እስከ ውሃው ድረስ ተሰልፎ ነበር። ስፕራግ ከመቆምና ከመጎንበስ ብዛት ወገቡን ይዞ ያቃስታል፣ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ ፊት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሱቁ ጭር ሲል አንዲት ረዥም፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ እጆቿ የአናጢ እጅ የሚመስሉ ሴት ገባች። ዶርካስ የታላቁን ቤት ደንገጡር በዓመት አንዴ ከቤተ ክርስቲያን ኋላ ወንበር ነው የምታያት። ዐይኗ አብጧል።

«ነፍሳቸውን ይማር፣ ሚስ አንስቴ» አለች ዶርካስ። «ለሙሉ ቀሚስ ነው?»

«ለሙሉ ቀሚስ።»

መለካት ጀመረች። «እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው? ከዚያ ከመኸሩ ሕመም በደንብ አገገሙ?»

«የምን ሕመም?»

«ገለባ የተነጠፈልዎት ጊዜ።»

አንስቴ ጨርቁን ማየት ትታ እሷን አየቻት። ከዚያ ባንኮኒው ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች።

«እንደዚያ አሉሽ? ያን ቀን ለእኔ የነገሩኝ አየር ልቀበል ነው የምወጣው ብለው ነው። እስከ በሩ ተሸክሜ አውርጄ አቆምኳቸው፣ ሲመለሱም በሩ እንደተዘጋ እጄ ላይ ነው የወደቁት፤ ከዚያ ቀን በኋላ እግራቸው መሬት አልነካም። ሐኪሙ እኮ በጥቅምት ነው ቁርጡን የነገራቸው» አለች። «እኔ ልጄ፣ እዚያ ቤት ከገባሁ አርባ ዓመቴ፣ አንድ ቀን ታምሜ አልጋ ላይ ውዬ አላውቅም።»